«ተጽፎ ያለቀ ነው» የሚል ባል

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ባለቤቴ ሴራሚክ አንጣፊ ነው። ጎበዝ ሠራተኛ ነው። አይጠጣም፣ አይቅምም። ጣጣው ኳስ ነው። ድሮም አርሴናል ሲሸነፍ ራት አይበላም፤ እሱን ለምጄዋለሁ። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን ሌላ ሰው ሆነብኝ። ኳስ የሚባል ነገር የለም ይላል። ማን እንደሚያሸንፍ ትልልቆቹ ቁጭ ብለው አስቀድመው ይጽፉታል፣ እኛ የምናየው ድራማውን ነው ይላል። ዳኛው ተከፍሎታል፣ ቫሩም (በቪዲዮ የሚያጣራው ዳኛ) ተከፍሎታል። እሺ ድራማ ከሆነ ተወዋ ስለው፣ የተጻፈውን የሚያውቅ ሰው አግኝቻለሁ አለኝ። በቴሌግራም ነው። ሰውየው በሳምንት 1,500 ብር እየተቀበለ ያለቀለት ጨዋታ ይልክለታል፣ እሱ ቤቲንግ ቤት ሄዶ የውርርድ ቲኬት ይቆርጣል። መጀመሪያ ሦስት ጊዜ በላ። ከዚያ ወዲህ ሲበላ አላየሁም። ጥር ላይ ዕቁብ ወጣልን። በየ15 ቀኑ 2,000 ብር የምንጥለው የ30 ሰው ዕቁብ ነው፤ 60,000 ብር ደረሰን። ለልጆቹ አልጋና ለቤቱ ውዝፍ የባንክ ክፍያ ነበር ያሰብነው። አሁን ሳጣራ 41,000ው የለም። ገና 11 ዙር መጣል ይቀረናል። ዋሳችን ወንድሜ ነው፤ እስካሁን አልነገርኩትም። ባለፈው ሳምንት ደግሞ የ11 ዓመት ልጄን አጥና ብለው፣ ‹ምን ያደርጋል፣ ማን እንደሚያልፍ ተጽፎ አልቋል› አለኝ። ያኔ እንባዬ መጣ። እውነት ኳሱ የተሸጠ ነው እንዴ? ካልሆነስ ምን ብዬ ላስረዳው?

እንቅልፍ ያጣች፣ ከኮዬ ፈጬ»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ወደ ልጅሽና ወደ ወንድምሽ መጨረሻ ላይ እመጣለሁ። መጀመሪያ ግን፣ አትቆጪኝና፣ ለባለቤትሽ ትንሽ ጥብቅና ልቁምለት።

ኳስ ንጹህ ነው ብለሽ እንዳትከራከሪው። ትሸነፊያለሽ። ንጹህ አይደለማ። በ2006 በፈረንጆቹ የጣሊያን ፖሊስ የጠለፈው ስልክ ወጣ። የዩቬንቱሱ ትልቅ ሹም ሉቺያኖ ሞጂ ዳኛ ከሚመድቡት ሰዎች ጋር የትኛው ዳኛ የት ይላክ እያለ ሲያወራ ተሰማ። ዩቬንቱስ ሁለት የሊግ ዋንጫ ተነጥቆ ወደ ሴሪ ቢ ወረደ። ትልቁ ዩቬንቱስ! ባለቤትሽ ይህን በደንብ ያውቀዋል፤ እኔ ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ያላወቀው ሰው አላጋጠመኝም። ጀርመንም አለ። ሮበርት ሆይዘር የሚባል ወጣት ዳኛ ከቁማርተኞች ገንዘብ እየተቀበለ ጨዋታ አበላሽቶ በ2005 የሁለት ዓመት ከአምስት ወር እስር ተፈርዶበታል። በ2004 የጀርመን ዋንጫ ላይ ሃምቡርግ በታችኛው ዲቪዚዮን ቡድን በፓደርቦርን 4 ለ 2 ሲሸነፍ ያጫወተው እሱ ነው። ሃምቡርግ 2 ለ 0 እየመራ ነበር። ለፓደርቦርን ሁለት ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ፣ የሃምቡርግን አጥቂ በቀይ ካርድ አስወጣ።

ወደኛው አህጉር ስንመጣ ደግሞ ይብሳል። በ2016 ደቡብ አፍሪካና ሴኔጋል በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ተጫወቱ። የጋናው ዳኛ ላምፕቴ ኳሱ የኩሊባሊን ጉልበት ሲነካ እጅ ነው ብሎ ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ። ሁሉም ሰው ጉልበቱን አይቷል። ደቡብ አፍሪካ 2 ለ 1 አሸነፈ። ፊፋ ዳኛውን ዕድሜ ልኩን አገደው፣ ጨዋታውም ተደገመ። ሲደገም ሴኔጋል 2 ለ 0 አሸንፎ ወደ ሩሲያ ሄደ።

አንዱን ደግሞ ስሰማ ስቄ ልሞት ነበር። በ2010 ባህሬን ቶጎን ለወዳጅነት ጨዋታ ጋብዛ 3 ለ 0 አሸነፈች። የባህሬን አሰልጣኝ ግን ልጆቹ 90 ደቂቃ የመሮጥ አቅም የላቸውም ብሎ አማረረ። በኋላ የቶጎ ፌዴሬሽን ሲጠየቅ እኛ የላክነው ቡድን የለም አለ። ማሊያ ለብሶ፣ መዝሙር አዘምሮ የተጫወተው ቡድን ሙሉ በሙሉ የውሸት ነበር!

እንግዲህ ባለቤትሽ እብድ አይደለም። ነገሩ አለ። በ2013 የአውሮፓ ፖሊስ ዩሮፖል ባወጣው መግለጫ አውሮፓ ውስጥ ብቻ ከ380 በላይ አጠራጣሪ ጨዋታዎች አግኝቻለሁ ብሏል።

አሁን ግን አንድ ነገር አስተውዪ። እነዚህን ታሪኮች እኔና አንቺ እንዴት አወቅናቸው?

ስለተያዙ ነው። የሆይዘርን ጉድ ያወጡት አብረውት የሚዳኙ የሙያ ጓደኞቹ ናቸው። በ1993 የፈረንሳዩ ማርሴ ከአውሮፓ ክለቦች ዋንጫ ፍጻሜው ስድስት ቀን በፊት ቫለንሲያንን እንዲለሳለስለት ገንዘብ ሰጠ። ከቫለንሲያን ተጫዋቾች አንዱ ዣክ ግላስማን እምቢ ብሎ ተናገረ። 250,000 ፍራንክ ደግሞ በሌላኛው ተጫዋች ዘመድ ጓሮ ተቀብሮ ተገኘ። እንደ ድሮ ሰው ማሪያ ቴሬዛ ብር መሬት ውስጥ! የክለቡ ፕሬዚዳንት በርናር ታፒ ወህኒ ወረደ። እንግዲህ እዚህ ውስጥ የገቡት አምስት ስድስት ሰዎች ናቸው፤ ጨዋታውም አንድ ነው። እሱንም መደበቅ አልቻሉም። ሌባ ሲካፈል ይጣላል ይባል የለ?

አንድ የእንግሊዝ ሊግ የውድድር ዘመን 380 ጨዋታ ነው። 20 ክለብ፣ በየክለቡ ከ20 በላይ ተጫዋች፣ አሰልጣኞች፣ ዳኞች፣ የቫር ሠራተኞች። ይህ ሁሉ ሰው የተጻፈለትን እየተወነ፣ ሚስቱን ፈትቶ፣ ከክለቡ ተጣልቶ፣ ተባሮ፣ ሰክሮ፣ አርጅቶ፣ አንዱም አፉን አይከፍትም ማለት ነው። ኮዬ ፈጬ አንድ ብሎክ ላይ የውሃ ታንከር ማን እንደሰበረ ለሁለት ቀን ተደብቆ ያውቃል?

ሌላም አለ። የሚሸጠው ጨዋታ አብዛኛውን ጊዜ ማንም የማያየው ነው። ደመወዝ ለወራት ያልተከፈለው ተጫዋች ያለበት ታችኛው ሊግ፣ የወዳጅነት ጨዋታ፣ የታዳጊ ውድድር። በሳምንት መቶ ሺህ ፓውንድና ከዚያም በላይ የሚያገኝ ሰው በምን ብር ይገዛል? ባለቤትሽ ግን የሚቆርጠው ምን ላይ ነው? ማንቼና ቼልሲ ላይ ነው አይደል?

ራሴም ከዚህ ነገር ሩቅ አልነበርኩም። ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ አለፍ ብሎ ለስምንት ዓመት ኳስ ማሳያ ቤት ነበረኝ። ግድግዳው ቆርቆሮ፣ መቀመጫው የባሕር ዛፍ አግዳሚ፣ ሁለት ቴሌቪዥን። መጀመሪያዎቹ ዓመታት ላይ ሰኞ ጠዋት ስጠርግ የማገኘው የኦቾሎኒ ልጣጭ ነበር። በኋላ በኋላ ልጣጩ ቀርቶ ቲኬት ሆነ። ነጭ፣ ቀጭን፣ እንደ ሱፐርማርኬት ደረሰኝ የሚጠቀለል። አንዳንዱ ላይ 14 ጨዋታ ተደርድሯል። 13ቱ ላይ በእስክሪብቶ ራይት፣ አንዱ ላይ ኤክስ። ኤክሱ ወረቀቱን እስኪቀድደው ድረስ ተጭነው ነው የሚያሰምሩት። ወለሉ ላይ የወደቀውን ሁሉ ባነብ ኖሮ ያ ቤት የሰፈሩ ሁሉ የሐዘን መዝገብ ነበር።

እዚያ ቤት ውስጥ የተማርኩትን አንድ ነገር ልንገርሽ። በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 2005 ዋልያዎቹ ሱዳንን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 ያሸነፉበትን ቀን ታስታውሻለሽ? ካርቱም ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈን መጥተን፣ ከሜዳ ውጪ ባገባነው ሦስት ጎል አልፈን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለስን። ቤቴ ውስጥ አግዳሚው ተሰበረ። የማላውቀው ሰው አቅፎ አነሳኝ። ሰው መንገድ ላይ ወጥቶ አደረ።

በዓመቱ ጥቅምት 3 ቀን 2006 የአፍሪካ ሻምፒዮኗ ናይጄሪያ መጣች። የዓለም ዋንጫ ልንገባ ሁለት ጨዋታ ነበር የቀረን። በኃይሉ አሰፋ አገባ፣ 1 ለ 0 መራን። ከዚያ ኤሜኒኬ አቻ አደረገ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠብን፣ እሱኑም ኤሜኒኬ መታው። 2 ለ 1። ቤቱ ጸጥ አለ። አንድ ሽማግሌ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ከኋላ አንድ ልጅ «ተሸጧል!» አለ። ወዲያው ሁሉም ተቀበለው። ተሸጧል፣ ተሸጧል። እኔም ብያለሁ፤ አልዋሽሽም።

ቤቱን ስዘጋ ነው የገባኝ። ሱዳንን ስናሸንፍ አንድም ሰው ተሸጧል አላለም። ያኔም ዳኛ ነበረ፣ ያኔም ሁለት ቡድን ነበረ። እንዲያውም 5 ለ 5 ሆኖ በአንድ ሕግ ማለፍ ለጠርጣራ ሰው የበለጠ ያጠራጥራል። ደስ ሲለን ግን የጻፈው ማነው ብለን አንጠይቅም። ሲያመን ነው ደራሲ የምንፈልገው።

ባለቤትሽ አርሴናል ነው ብለሻል። በፈረንጆቹ በ2023 ሊጉን ሁለተኛ፣ በ2024 ሁለተኛ፣ በ2025 ሁለተኛ። ሦስት ዓመት በተከታታይ ደርሶ መመለስ ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ። እኔ ሌላ ክለብ ደጋፊ ነኝ፣ ስሙን አልነግርሽም፤ ግን አዘንኩለት። እንዲህ ያለ ሰው «ቡድኔ ትንሽ አነሰ» ከሚል «ተሠርቶብናል» ቢል ይቀለዋል። ቁማሩም ላይ ያው ነው። «እኔ ተሳሳትኩ» ብሎ 41,000 ብር ከመቁጠር፣ «ጽሑፉን ለወጡት» ማለት ለሊቱን ያስተኛዋል።

ደግሞ ይህ ሐሳብ መውጫ የለውም። ሌስተር በ2016 ሊጉን ወሰደ። ውድድሩ ሲጀመር እንግሊዝ ውስጥ ለሌስተር የተሰጠው 5,000 ለ 1 ነበር፤ አንድ ፓውንድ ያስያዘ 5,000 ፓውንድ ማለት ነው። ያስያዙ ሰዎች ነበሩ፣ ተከፈላቸውም። ቁማር ቤቶቹ ጽፈውት ከሆነ በራሳቸው ላይ ምን አስጻፋቸው? ብትዪው፣ «እሱም ሰው እንዲያምን ነው» ይልሻል። ትልቁ ሲያሸንፍ ተጽፎ ነው፣ ትንሹ ሲያሸንፍም ተጽፎ ነው። ስለዚህ በዚህ በር አትግቢ። ሌሊቱን ሙሉ ትከራከራላችሁ፣ ልጆቹም አይተኙ።

ስለ ቫሩ ግን አንድ ነገር ልበል፣ እኔን ስላስገረመኝ። መስከረም 2023 በፈረንጆቹ ቶተንሃምና ሊቨርፑል ሲጫወቱ ሉዊስ ዲያዝ አገባ። የመስመር ዳኛው ከጨዋታ ውጪ ብሎ ሻረው። ቫር ክፍል ያሉት ሲያዩት ዲያዝ ትክክል ነው። ግን ሜዳ ላይ የተወሰነው ጎል ነው ብለው አሰቡና «ቼክ ኮምፕሊት» አሉ። ጨዋታው ቀጠለ። ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው፣ ኧረ ተሳስተናል አለ። ዋናው የቫር ዳኛ ደግሞ ጨዋታው ከቀጠለ ወዲያ ምንም ማድረግ አይቻልም አለ። ሊቨርፑል 2 ለ 1 ተሸነፈ። ድምፁ በኋላ ይፋ ሆነ፣ እኔም ሰማሁት። ቫር ክፍል የነበሩት ዳኞች ከጥቂት ቀን በፊት ዓረብ ኤምሬትስ አገር ሄደው ሌላ ጨዋታ ዳኝተው ስለነበር ሐሜቱ ለጉድ ነበር። ግን ድምፁን ስትሰሚ የምትሰሚው የተንኮለኛ ድምፅ አይደለም። ቀበሌ ውስጥ የተሳሳተ ፋይል ላይ ማኅተም መትቶ ባለጉዳዩ ከወጣ በኋላ የደነገጠ ሠራተኛ ድምፅ ነው። ባለቤትሽ ስልኩ ላይ ያገኘዋል፤ ይስማው።

በነገራችን ላይ፣ እውነት ተጽፎ የሚሠራ ስፖርት አለ፤ ሬስሊንግ። ልጅ ሆኜ ጎረቤት ቤት በቪዲዮ ካሴት እያየሁ ደም በደም ሲሆኑ አለቅስ ነበር። ባለቤቶቹ ራሳቸው በ1989 አሜሪካ ኒው ጀርሲ ውስጥ «የኛ መዝናኛ እንጂ ውድድር አይደለም» ብለው ተናግረዋል። እንደ ስፖርት ተቆጥረው የስፖርት ኮሚሽን ቁጥጥር እንዳይመጣባቸው ነው። እንግዲህ ተጽፎ የሚሠራው እንኳ አልተደበቀም።

አሁን ወደ ዋናው ሌባ እንምጣ። የቴሌግራሙ ሰውዬ።

«መጀመሪያ ሦስት ጊዜ በላ» ያልሽው ላይ ቆሜ ነበር። እንዴት እንደሚሆን ልንገርሽ፣ ወረቀት ይዘሽ ተከተዪኝ። ሰውየው 800 ሰው አለው እንበል። ለአንድ ጨዋታ ለ400ው በውስጥ መስመር «ባለሜዳው ያሸንፋል» ብሎ ይልካል። ለቀሪው 400 «ባለሜዳው አያሸንፍም» ይላል። አንደኛው መቼም ይሆናል። የተሳሳተላቸውን 400 ይተዋቸዋል፣ ወይ ያግዳቸዋል። የሆነላቸውን 400 ለሁለት ከፍሎ እንደገና ይልካል። 200 ይቀራሉ። እንደገና። 100 ይቀራሉ። እነዚህ 100 ሰዎች ሰውየው ሦስት ጊዜ በተከታታይ ሲያገኝ በዓይናቸው አይተዋል። እርስ በርስ አይተዋወቁም። አሁን «ቪአይፒ ግባ፣ 1,500 ብር» ይላቸዋል። ቢገቡለት 150,000 ብር ነው። ስለ ኳስ አንድም ነገር ማወቅ አይጠበቅበትም። ያለፈውን መልእክት ማጥፋት፣ ኤዲት ማድረግ፣ የሰው ቲኬት ፎቶ አስመስሎ መሥራት ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይቀላል።

የእናንተ ሰውዬ በትክክል ይህን ነው ያደረገው ብዬ አልምልም። ግን ያለቀለት ጨዋታ በእጁ ያለ ሰው ለማያውቀው ሴራሚክ አንጣፊ በ1,500 ብር ይሸጠዋል? ዝም ብሎ ራሱ አይቆርጥም? ጨዋታ የሚሸጡ እውነተኛዎቹ ወንበዴዎች የሚፈሩት ነገር ወሬው እንዳይበዛ ነው። በአንድ ጨዋታ ላይ ድንገት ብዙ ብር ሲጎርፍ የውርርድ ገበያውን የሚከታተሉት ያዩታል። ላምፕቴም ላይ ከቀረበበት ማስረጃ አንዱ ያልተለመደው የውርርድ አካሄድ ነው። ስለዚህ እውነተኛው በቴሌግራም አይለጥፍም።

ቲኬቱንም አንድ ጊዜ አስሉት። ባለቤትሽ 10 ጨዋታ ይደረድራል እንበል፣ ሁሉም እርግጠኛ የሚመስሉ። እያንዳንዱ ከ10 ጊዜ 7ቱን የሚሆን ነው፤ ጥሩ ነው አይደል? አሥሩም አብረው የሚሆኑት ከ100 ቲኬት ሦስት እንኳ ሳይሞላ ነው። «በአንድ ጨዋታ ተበላሁ» የሚለው ለዚህ ነው። ማንም አልጠመደውም፤ ሒሳቡ ራሱ እንደዚያ ነው። ላዩ ላይ ደግሞ የቤቱ ድርሻ አለ። እኩል ለእኩል በሆነ ነገር ላይ ለሁለቱም ወገን 1.90 ይሰጣል። አንቺ 100 አሲዘሽ፣ እኔ 100 አስይዤ፣ ያሸነፈው 190 ይወስዳል። አሥሯ ብር የት ሄደች? 10 ጨዋታ ሲደረደር ይህ ቅነሳ እየተባዛ ከ100 ብሩ 40 ያህሉ ገና ፊሽካ ሳይነፋ አልፏል። ጨዋታ ገዝቶ መድከም ለምን ያስፈልገዋል፤ ኳሱ ንጹህ በሆነ ቁጥር ቤቱ ይበላል።

እንግዲህ ምን ታደርጊ።

ቅዳሜና እሁድ አታንሺበት። ሰኞ ማታ፣ ልጆቹ ሲተኙ። «ኳስ አይሸጥም» ብለሽ አትጀምሪ። እንዲህ በዪው፦ «የምትለው ነገር አለ፣ ጣሊያንም ጀርመንም ተይዟል። እኔ የማላምነው ኳሱን ሳይሆን ሰውየውን ነው።» አየሽ፣ እስካሁን አንቺ ለኳስ ጠበቃ ሆነሽ ነበር። አሁን ከእሱ ጎን ቆመሽ ሌላ ሰው ትጠረጥሪያለሽ። ሁሉንም የሚጠረጥር ሰው ይህን አንድ ሰው ለምን እንደዘለለው ራሱም አያውቅም።

ከዚያ ደብተር ስጪው። የልጁን የትምህርት ቤት ደብተር፣ ባለ 50 ቅጠሉን። ባለቤትሽ እኮ ሙያተኛ ነው። ሴራሚክ አንጣፊ በዓይኑ አይተማመንም። ወለሉ ደልዳላ ቢመስለውም ውሃ ልክ ያስቀምጣል፤ አረፋዋ መሀል ካልቆመች ያፈርሰዋል። ታዲያ ለ41,000 ብር ውሃ ልክ የት ነበረ? ይህን በፍቅር ልትነግሪው ትችያለሽ፣ ድምፅሽን ሳታነሺ። ለአራት ሳምንት ሰውየው የላከውን ሁሉ፣ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት፣ ከነሰዓቱ በእጁ ይጻፍ። አንቺ አትጻፊበት። ሲያልቅ ራይት ወይም ኤክስ። በእነዚህ አራት ሳምንታት አንድ ብር አይቆርጥም፣ የ1,500ውም ክፍያ ይቆማል። ሰውየው ከፍለህ ካልሆነ አልልክም ካለ፣ «በልቼ ልክፈልህ» ይበለው። የሚሰጠውን መልስ አብራችሁ አንብቡት። እኔ እዚህ ሆኜ እገምተዋለሁ።

ገንዘቡን በተመለከተ ለስላሳ አትሁኚ። በካሬ የሚከፈለው ብር ለጊዜው ወደ አንቺ ሒሳብ ይግባ። የትራንስፖርትና የዕቃ መግዣ ከዚያ ትሰጪዋለሽ። ይህን ሲሰማ ይቆጣል። ለስንት ጊዜ እንደሆነ ቁረጪለት፤ ደብተሩ እስኪያልቅና ዕቁቡ እስኪዘጋ በዪው። ቀን የተቆረጠለት ነገር ክብርን አይነካም። ተበድሮ ከሆነ ደግሞ ለማን ስንት እንዳለበት ጽፎ ይስጥሽ፤ አንቺ ግን በስተጀርባ ተደብቀሽ አትክፈዪለት። ከፍለሽ ባዳንሽው ቁጥር የቴሌግራሙ ሰውዬ የሚከፈለው በአንቺ እጅ ነው።

ደብተሩን አይቶም ካላቆመ፣ የተበላውን ለማስመለስ ሲል ብቻ የሚቆርጥ ከሆነ፣ ሌሊት እየተነሳ ስልኩን የሚያይ ከሆነ፣ ነገሩ ከምክር አልፏል። ሐኪሞች የሚያውቁት ሕመም ነው፤ እንደ መጠጥ ሱስ። አማኑኤል ሆስፒታል ሄዳችሁ ስለ ቁማር ነው የመጣነው ብትሉ ማንም አይስቅባችሁም። ሽማግሌም ካስፈለገ፣ እሱ የሚያከብረው የድሮ ጌታው፣ ሙያውን ያስተማረው ሰው ይሻላል፤ ከአንቺ ወገን የሚመጣ ሽማግሌ ፍርድ ቤት ይመስለዋል። በመሀል ግን መኖር አስጠላኝ የሚል ቃል ከአፉ ከሰማሽ ብቻውን አትተዪው፣ በዚያው ቀን ውሰጂው።

ልጅሽን አልረሳሁም። አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። አባቱ ያለውን ደገመ እንጂ አላመነበትም፤ ማጥናት ላለመፈለግ ጥሩ ምክንያት ሆኖለት ነው። አትቆጪው፣ ስብከትም አይጥመውም። እናንተ ጋ በብሎኮቹ መሀል ባዶ ቦታ ላይ ልጆች እሁድ ጠዋት ኳስ ይጫወታሉ፤ በድንጋይ ጎል ሠርተው፣ ከንፋሱና ከአቧራው ጋር። አባቱ ይዞት ይሂድ። አባትየው ይዳኝ። አንድ ጊዜ ፊሽካ ይዞ «እጅ ነው! አይደለም!» ሲባባሉ መሀል ይቁም። ዳኛ እንዴት እንደሚሳሳት ከዚያ የበለጠ የሚያስተምር የለም። ሲመለሱ ልጁ በደንብ ይስደበው።

ዕቁቡ ላይ 11 ዙር ቀርቷል ብለሻል። 22,000 ብር ማለት ነው። አንድ ዙር ሳትጥሉ ካለፋችሁ በኋላ የሚነገር ነገርና ከማለፉ በፊት የሚነገር ነገር አንድ አይደለም። የዕቁቡን ዳኛና ጸሐፊ አስቀድመሽ ካናገርሽ ጊዜ ይሰጡሻል፣ ወይም በግማሽ እንድትጥዪ ይፈቅዱልሽ ይሆናል። ካለፈ በኋላ ግን የሚሄዱት ዋሱ ጋ ነው። ዋሱ ደግሞ ምንም አያውቅም። ባለቤትሽ ራሱ ቢነግረው ይሻላል፣ ግን የእሱን ድፍረት አትጠብቂ። ለወንድምሽ ዛሬ ማታ ደውዪለት።